የነጎድጓድ ልጆች፦ ሞተር ሳይክል የረጅም መንገድ ጓደኛ የሆነበት ታሪክ

ሞተር ሲባል ብዙዎቻችን አእምሮ ላይ ቶሎ የሚመጣው ወይ ዕቃ አድራሽ ነው፣ ወይ የወረዳ ግብርና ባለሙያ፣ ወይ ደግሞ አደጋ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል የነበረውን ክርክር አስታውሱት። አንዱ ስለ እንጀራ ያወራል፣ ሌላው ስለ ቅሚያ፣ ሌላው ስለ ትራፊክ። "ሞተር እኮ ደስታ ነው" ያለ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ስለተረሳው ነገር ነው። በዓለም ላይ "ቱሪንግ" የሚባል የሞተር ዓይነት አለ። ለከተማ ሽርሽርም ለውድድርም አይደለም፤ አገር አቋርጦ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ትልቅ የነዳጅ ታንክ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ወንበር፣ የነፋስ መከላከያ፣ በግራና በቀኝ የተንጠለጠለ ሻንጣ። "የታሪክ መምህር ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ። ነገሩ ወዲህ ነው። የዚህን ሞተር ታሪክ ስትከተሉ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ታገኙታላችሁ፤ ጦርነቱን፣ ውሉን፣ ቅኝ ግዛቱን፣ የሴቶችን ትግል፣ ሕክምናውን ሳይቀር። ከሁሉም በታች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከቤት ርቀህ መንገድ ላይ ቢበላሽብህ ማን ይጠግነዋል? መልሱ ደስታውም ያለበት ቦታ ነው።

ወንድማማቾቹ ጉዚዎች

ሞቶ ጉዚ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን ፋብሪካው የሚገኘው በሰሜን ጣሊያን በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል ከተማ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሞተሮች የኋላ ጎማቸው ስፕሪንግ አልነበረውም። ጎማው ከፍሬሙ ጋር ደረቅ ብሎ ተያይዟል፤ ድንጋይ ስትረግጥ ድንጋዩን በወገብህ ነው የምትቀበለው። መሐንዲሶቹ ይህን የሚያደርጉት በክፋት አልነበረም። ብዙዎቹ "የኋላው ከተለጠጠ ሞተሩ ይዋዥቃል፣ ሰውየውን ይጥለዋል" ብለው ያምኑ ነበር።

የፋብሪካው መሥራች የካርሎ ጉዚ ወንድም ጁሴፔ ይህን አልተቀበለም። ወንድማማቾቹ የኋላ ጎማውን በኢንጂኑ ሥር ከተደበቁ ስፕሪንጎች ጋር አያይዘው አዲስ ሞተር ሠሩና ግራን ቱሪዝሞ፣ ማለትም "ታላቅ ጉዞ" ብለው ሰየሙት። ገበያው ተጠራጠረ። ጁሴፔ ታዲያ ጽሑፍ አልጻፈም፣ ክርክርም አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1928 ሞተሩን አስነስቶ ከማንዴሎ ተነሣና በዘመኑ ኮረኮንችና ጭቃ በሆነ መንገድ አውሮፓን ወደ ሰሜን ሰንጥቆ ኖርዌይ ጫፍ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለው ኖርድካፕ ድረስ ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ "ኖርጅ" ተባለ፤ ኖርዌይ ማለት ነው። የረጅም መንገድ ሞተር ታሪክ ውስጥ ይህ ጉዞ ትልቅ ቦታ አለው፤ ምቾት ቅንጦት ሳይሆን የመሄጃ ጉልበት መሆኑን በተግባር አሳይቷልና። ወገቡ የታመመ ሰው አካባቢውን አያይም፤ የሚያየው ቀጣዩን ጉድጓድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ትንሽ እንምጣ። ጋራዥ ገብታችሁ ወሬ አዳምጡ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጉዚ ሞተሮችም ጁሴፔ ለደስታ በነዳው ዓይነት ጉዞ ብቻ አልቀሩም፤ ከጣሊያን ጦር ጋር ወደዚህም መጥተዋል። ያው እጅ የሠራው ብረት አንዱን ወደ ሰሜን ጫፍ ለጉዞ ወሰደው፣ ሌላውን ወደ ሰው አገር ለወረራ። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉና ሙያው ግን ጋራዦቻችን ውስጥ ቀርቶ የእኛ ሆነ።

ከአውሮፕላን ወደ ሁለት እግር

ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ የቬርሳይ ውል ሲጫንባት የአውሮፕላን ኢንጂን እንዳትሠራ ተከለከለች። ቢኤምደብልዩ በወቅቱ ዋና ሥራው የአውሮፕላን ኢንጂን ነበር። ሠራተኛው አለ፣ ዕውቀቱ አለ፣ ሥራው ግን ተዘግቷል። መሐንዲሱ ማክስ ፍሪትስ እ.ኤ.አ. በ1923 ይዞት የመጣው ሞተር "አር 32" ይባላል። 494 ሲሲ፣ 8.5 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ከመንደር ሞተር የሚያንስ ጉልበት ነው፤ አሠራሩ ግን መቶ ዓመት አልፎትም በኩባንያው ሞተሮች ላይ ይታያል።

ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ሁለቱን ሲሊንደሮች ልክ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወጣቸው። ነፋስ ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል፤ አንዱ ቀዝቅዞ ሌላው አይግልም። ሁለተኛ፣ በሰንሰለት ፋንታ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በዘንግ ሆነ። ሰንሰለት አቧራና ጭቃ ይበላዋል፤ በየጊዜው መወጠርና ዘይት መቀባት ይፈልጋል፤ ሲበጠስ ደግሞ በመንገድ መሐል ያስቀራል። ዘንጉ ግን ዝም ብሎ ይሠራል።

የዚህ አሠራር ትልቁ በረከት ለጥገና ነው። ልብ በሉልኝ፣ ኢንጂን ውስጥ ነዳጅና አየር የሚያስገቡ፣ ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮች አሉ። ብረት ሲግል ስለሚለጠጥ ቫልቩና የሚገፋው ብረት መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት፤ በነዚህ ሞተሮች ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል፤ ከሰፋ ይንኳኳል፣ ጉልበት ያጣል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህን ለማየት ታንክ ማውረድ፣ ግማሹን ሞተር መፍታት ያስፈልጋል። በነዚህ ግን ሲሊንደሩ ውጪ፣ ከእግርህ አጠገብ ነው። ጥቂት ብሎን ትፈታለህ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የብረት መለኪያ ታስገባለህ፣ ትለካለህ፣ ትዘጋለህ። ማታ ካረፍክበት ቤት ደጃፍ ላይ ሻይ እየጠጣህ የምትጨርሰው ሥራ ነው። ጠዋት ስታስነሳውና ድምፁ ከትናንቱ ለስለስ ብሎ ስትሰማው የሚሰማህን ደስታ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

ቴሬሳና ፍሎረንስ

ይህን ታሪክ ሴት ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 1934 ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች፣ ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን፣ ከለንደን በሞተር ተነሡ። መድረሻቸው ኬፕታውን። መንገዳቸው ሰሐራን አቋርጦ። ሞተራቸው ፓንተር የሚባል 600 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ከጎኑ ተቀጥላ ወንበር የተገጠመለትና ከኋላው ጋሪ የሚጎትት ነበር። ኮምፓስ እንኳ አልያዙም።

ቀኑን የታሪክ ሰው ዓይን ዝም ብሎ አያልፈውም። ወልወል ላይ የእኛና የጣሊያን ወታደሮች የተጋጩት ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሁለቱ ሴቶች ኬፕታውን የደረሱት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1935 ሲሆን፣ ከዚያ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ወረረን። አንዱ አውሮፓ በታንክና በመርዝ ጋዝ ወደ አፍሪካ ሲዘጋጅ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ የመፍቻ ከረጢት ይዘው አፍሪካን ከላይ እስከ ታች እያቋረጡ ነበር።

በኒጀር፣ አጋዴዝ አካባቢ ኢንጂኑ ተሰበረ። ነገሩ በቃ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ጋራዥ የለ፣ ስልክ የለ። ቴሬሳ ግን ምህንድስና ተምራለች። መለዋወጫ አስልከው ጠበቁ፣ ኢንጂኑን ፈትታ መልሳ ሠራችው፣ ጉዞው ቀጠለ። ያቺ ሴት ለዚያ ሞተር ተሳፋሪ አልነበረችም፤ ባለቤቱ ነበረች። "ባለቤት" የሚለው ቃል እውነተኛ ትርጉሙ ደረሰኙ ላይ ስም መኖሩ ሳይሆን ይሄ ይመስለኛል።

በኋላም አላቆመችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር በሞተር መልእክት ታደርስና ትጠግን ነበር። ከዚያ አሜሪካ ገብታ ቺካጎ ውስጥ የእንግሊዝ ሞተሮች የሚሸጡበትና የሚጠገኑበት ሱቅ ከፈተች፤ በስተርጅና ፊኒክስ ውስጥ የሞተር ማሠልጠኛ ነበራት። እስከ 88 ዓመቷ ነዳች። መኪና ኖሯት አያውቅም።

የነጎድጓድ ልጆች ዋጋ

ደስታውን ብቻ ባወራ ዋሽቼአችኋለሁ።

ቲ. ኢ. ሎረንስን በዐረቦች አመፅ ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ "የዐረቢያው ሎረንስ" የሚባለው። ከጦርነቱ በኋላ ዝናውን ጥሎ በተራ ወታደርነት ሲኖር አንድ ፍቅር ብቻ አልተወም፤ ብራፍ ሱፒሪየር የሚባለውን የዘመኑን ምርጥ ሞተር። በየተራ ሰባት ነበሩት። "ኤስኤስ 100" የተባለው ዓይነት ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሮጥ ማረጋገጫ ይሰጠው ነበር። ሎረንስ ሞተሮቹን "ቦአኔርጌስ" ይላቸው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ለያዕቆብና ለዮሐንስ የተሰጠው ስም ነው፤ የነጎድጓድ ልጆች።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1935፣ ቴሬሳና ፍሎረንስ ገና አፍሪካ ውስጥ እያሉ፣ ሎረንስ ከቤቱ አቅራቢያ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲሸሽ ወደቀ። ጭንቅላቱ ተመታ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ በ46 ዓመቱ ሞተ። ሄልሜት አላደረገም፤ በዚያ ዘመን የሚያደርገውም ጥቂት ሰው ነበር።

ታሪኩ ግን እዚያ አልቆመም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአእምሮ ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከውስጡ አልወጣ አለው። የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ፤ ሄልሜት ሕይወት እንደሚያድን አሳየ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። ለሲቪሉ ሕዝብ ሕግ ሆኖ የወጣው ግን በ1973 ነው። ሐኪሙ ካወቀበት ቀን እስከ ሕጉ 32 ዓመት! ዕውቀት መኖሩና ዕውቀት መሥራቱ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይህን ምሳሌ ነው የማነሳው። የኛን ከተሞች መንገድ እዩት፤ ሄልሜቱ እክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ስንት ልጅ አለ? ክንድ አይደለም እኮ የሚያስበው።

ብልሽት ሰው ያገናኛል

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1973፣ በመካከለኛው ምሥራቅ የዮም ኪፑር ጦርነት በፈነዳበት ዕለት፣ ቴድ ሳይመን የሚባል ጋዜጠኛ ከለንደን ዓለምን ለመዞር ተነሣ። ሞተሩ 500 ሲሲ ትራየምፍ። ሰውየው የሞተር ሰው አልነበረም፤ መንዳቱንም ለጉዞው ብሎ ነው የተማረው። በሰሜን አፍሪካ በኩል አድርጎ በሱዳን ወደ እኛ አገር ገባና ወደ ኬንያ አለፈ፤ ኢትዮጵያ የ66ቱ አብዮት አፋፍ ላይ በነበረችበት ጊዜ። አራት ዓመት ቆየ፣ 45 አገሮችን አየ።

የጻፈው መጽሐፍ ብዙ ሞተረኞችን መንገድ ላይ አውጥቷል። ዋናው ሐሳቡ ግን ስለ ፍጥነት አይደለም። ሞተሩ ሲበላሽ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ፈቃድ ሲከለከል መጀመሪያ ይበሳጭ ነበር፤ በኋላ ግን ጉዞው ያ መሆኑ ገባው። ሞተሩ በሰላም ሲሄድ ሰው እጁን አውለብልቦለት ያልፋል። ሲቆም ግን አንዱ ውኃ ያመጣል፣ አንዱ ቁልፍ ያውሳል፣ አንዱ ቤቱ ወስዶ ያሳድራል። እኛ "ሰው ለሰው መድኃኒቱ" የምንለውን እሱ በፒስተን ተማረው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው መስታወት ዘግቶ ያልፋችኋል። ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን ዝናቡም የሱ ነው፣ አቧራውም፣ ከደጃፍ የሚመጣው የቡና ሽታም።

ኤልስፔት ቢርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በ23 ዓመቷ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሆና በ1974 የተሠራ ያገለገለ ቢኤምደብልዩ ይዛ ወጣች። ሲድኒ ላይ ገንዘብ ሲያልቅባት እዚያው ሥራ ገባች። የዕቃ ሳጥኖቿንም ከአሉሚኒየም ቆርቆሮ እያጠፈች በገዛ እጇ ሠራች። በ1984 ዓለምን በሞተር የዞረች የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ሆና ተመለሰች። ሞተሯን የምትጠግነው ራሷ ነበረች። በሷና በቴሬሳ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ፤ የመፍቻ ከረጢቱ ግን ያው ነው።

ምቾት ሲበዛ

በጃፓን በኩል ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ጎልድ ዊንግን አስተዋወቀ። 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ እንደ መኪና በውኃ የሚቀዘቅዝ። አሜሪካ ላይ ሰዎች ከሌላ ነጋዴ የነፋስ መከላከያና ሻንጣ እየገዙ ሲገጥሙበት ፋብሪካው ገባውና በ1980 ራሱ አሟልቶ ያወጣ ጀመር። በ1988 ስድስት ሲሊንደር ሆነ፤ ክብደቱ ለሰው ስለሚከብድ ወደ ኋላ የሚመልሰው ዘዴ ሳይቀር ተገጠመለት። በኋላ ኤርባግም መጣ።

"ይሄማ ሶፋ ነው" ብለው የሚያሾፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጉልበቱ የደከመ አዛውንት ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ አገር የሚያይ ከሆነ ምን አባቱ! ጁሴፔ ጉዚም ስፕሪንግ ሲገጥም ስቀውበት ነበር። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ሞተሩ ኮምፒዩተር እየሆነ በሄደ ቁጥር ባለቤቱ ራሱ የሚነካው ነገር እየቀነሰ መጥቷል።

ቢሆንም ማንም ፋብሪካ ሊወስደው ያልቻለው ድርሻ አለ። የጎማ ነፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል መለካት። የዘይት መጠንና መልክ ማየት። የፍሬን ሸራ ማረጋገጥ። ሰንሰለት ካለው ጽዳትና ውጥረቱን መፈተሽ። መብራት። የላላ ብሎን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለዚህ ነው። እኔ ያለችኝ አሮጌ 125 ሲሲ ያማሃ ብትሆንም ይህን ሳላደርግ ከግቢ አልወጣም፤ ያቺ አሥር ደቂቃ ደግሞ ከቀኔ ሁሉ አእምሮዬ የሚያርፍባት ናት።

ስለ እጅ

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው።

ጋራዥ የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው ክንዳቸውን ለሰላምታ ይዘረጉልኛል። "ቲቸር፣ እጄ ቅባት ነው።" ጨዋነት ነው፣ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ፊት ላይ ግን ከጨዋነት በላይ የሆነ ነገር አያለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ስላልገቡ ያሳፈሩኝ ይመስላቸዋል።

እናንተ ልጆች፣ ስሙኝ። ይህ ኀፍረት ዛሬ የመጣ አይደለም። ብረት የሚያቀልጠውን "ቡዳ"፣ ቆዳ የሚያለፋውን "ፋቂ" እያልን ማረሻችንን ግን ከሱ ስንገዛ የኖርን ሕዝብ ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ችግሩ አገር እንደሚያደኸይ ስለገባቸው ነው። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፏል፤ እጅ መደበቁ ግን አልቀረም።

ቴሬሳ ዋላክ በምድረ በዳ የዳነችው በእጇ ነው። ማክስ ፍሪትስ የተሸነፈ አገር ፋብሪካ ሥራ እንዲያገኝ ያደረገው በእጅና በአእምሮ ነው። ቴድ ሳይመን ዓለምን የዞረው ስማቸውን በማናውቃቸው፣ በየመንደሩ ቁልፍ ይዘው በወጡ ሰዎች እጅ ነው። አንድ ቀን የኛ ልጆችም ከሞያሌ እስከ ዛላምበሳ፣ ከመተማ እስከ ጅግጅጋ በሰላም፣ ለሥራ ሳይሆን አገራቸውን ለማየት ብቻ የሚነዱበት ጊዜ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ያን ጊዜ ኢንጂናቸው መንገድ ላይ ሲያስላቸው የሚፈልጉት የታሪክ መምህር አይደለም፤ እናንተን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስንገናኝ ሙሉ እጃችሁን ስጡኝ። ቅባቱ በሳሙና ይለቃል።

ሄልሜታችሁን ክንድ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ላይ። መልካም መንገድ!